ከአውድማው ወጥቶ የተናገረው

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከእናቴ ጋር ምሳ ይዘን ወደ አውድማ ወረድን። አባቴ በሬዎቹን እየነዳ ገብስ ያበራያል፤ ጎረቤቶቻችን በመንሽ ገለባውን ያነሣሉ። እኔ ከክምሩ የቀረችውን አንዲት ነዶ አየሁና «እማዬ፣ አለቀ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ሥራው አለቀ፣ አባዬ ዛሬ ከእኛ ጋር ወደ ቤት ይገባል ማለቴ ነበር።

በሬዎቹ ሳይቀሩ የቆሙ መሰለኝ። አክስቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። አንድ ሽማግሌ ወደ ምሥራቅ ዞረው «ሞልቷል፣ ሞልቷል፣ የልጅ አፍ ነው» እያሉ አማተቡ። አባቴ ጅራፉን ጥሎ መጣና በብብቴ አንሥቶ ከአውድማው ክብ አወጣኝ፤ ሣሩ ላይ አቆመኝ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አልመታኝም።

«እዚህ ቆመሽ ያሰኘሽን ተናገሪ» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «እዚያ ውስጥ ግን አለቀ አይባልም፣ አነሰ አይባልም። እዚያ ውስጥ ሞልቷል ነው የሚባለው። ገባሽ?»

«ባይሞላስ?»

«ባይሞላም።»

«ውሸት አይሆንም?»

ሳቀ። «ውሸት ሰው ለማታለል ነው። ይኼ በረከቱ እንዳይሸሽ ነው። ደግሞ የሚሰማን ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንን እናታልላለን?»

ከዚህ የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። ይህን ሳትሰሙ የቀረውን ብነግራችሁ በአባቴ ላይ ትፈርዳላችሁ። የሚሰማን ሁሉ ያውቀዋል ብሎ የነገረኝ ሰው፣ የማያውቅ ጆሮ ሲመጣበት ምን እንደሆነ ነው የማወራችሁ።

ሬዲዮ ወደ ገበሬ ማኅበራችን የመጣው እኔ ባል አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ስምንት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ትልቅ ሬዲዮ ነበር። በማኅበሩ አዳራሽ መስኮት ላይ ተቀመጠ፤ ሰው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ከደጁ ይሰበሰባል፤ ወዶ የመጣም ነበር፣ ቀረህ እንዳይባል የመጣም ነበር። እኔ ግን ወድጄ ነው። እንዴት እንደወደድኩት! ፊደል የለየሁት ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረኝ ነው። የቄስ ተማሪዎቹ ከላይ ሲጮኹ እኔ ከታች እንስራዬን ተሸክሜ እየሰማሁ ድምፁን ያዝኩ፤ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ቅርጹን ከመጽሐፉ አገኘሁና ሁለቱን አገናኘኋቸው። እንደ እኔ ላለች ሴት፣ ተራራውን ሁሉ ዘልሎ የሚመጣ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሮጊቶቹ የሬዲዮው አማርኛ አይገባቸውም። «ምን አለ?» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ከሰማሁት አሳምሬ አወራላቸዋለሁ። አንዷ «እሱ ሲያወራው ደረቅ ነው፤ አንቺ ስታወሪው ነው የሚጥመው» ትለኝ ነበር። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ እኔም አስቀር ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ሰሜን ጦር ውስጥ ነው። «ስለ ሰሜን ምን አለ፣ እታለም?» ስትለኝ፣ «ምንም አላለም» እላታለሁ። ብሎ ነበር እኮ። ግን ለእሷ ብዬ ነው፤ እንድትተኛ ብዬ። እንዲህ ማድረግ ኃጢአት መሆኑን ያወቅሁት በራሳችን ላይ ሲደርስ ነው።

ሰው ሁሉ ሰባ ሰባት እያለ ከሚጠራው ክፉ ዘመን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በእኛ ቀበሌ ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ቆረጠ። ገብሱ ዘለላ አውጥቶ ሳይሞላ ቀረ። በእጅ ስታሹት እብቅ ብቻ ነው። ባቄላው አበባው ላይ ጠቆረ። ከእኛ በላይ ያለው ቀበሌ ትንሽ ዘንቦለታል፤ ከእኛ በታች ስማዳ ወዲያ ማዶ ደግሞ ከእኛ ብሷል ይባላል። በመስከረም መጨረሻ ሊቀመንበራችን ማመልከቻ አስጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረዳው አርብ ገበያ ከተማ ላይ የእርዳታ እህል ዝርዝር ይዟል፤ እዚያ ውስጥ የእኛም ማኅበር ስም ይግባልን ነው ያልነው። «የሚያይ ሰው እንልካለን» ተባልን።

እስከ ኅዳር ጠበቅን። በኅዳር መጨረሻ፣ አባቴ የተገኘችውን ሲያበራይ፣ አንድ ላንድሮቨር አቧራ እያስነሣ መጣ። የወረዳው ካድሬ ከፊት፣ ከኋላው ደግሞ ቀጠን ያለ ወጣት፤ በአንገቱ ላይ በቆዳ የተለበጠ ሣጥን አንጠልጥሏል፣ በእጁ አጭር ዘነዘና የመሰለ ጥቁር ነገር ይዟል። እኛ የሚያየን ሰው መጣ ብለን ተደሰትን። ለካ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው።

ቀጥታ ወደ አውድማው መጣ። አባቴ ደነገጠ። «ልጄ፣ ጫማህን!» አለው።

ልጁ ጨዋ ነው። ይቅርታ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውንም አወለቀ። እግሩ ለስላሳ ነውና ገለባው ሲወጋው ፊቱን እየቋጠረ፣ እየሣቀም ጭምር፣ አውድማው መሐል ገባ። ዘነዘናውን ወደ አባቴ አፍ አስጠጋ።

«አባቴ፣ የዘንድሮው ምርት እንዴት ነው?»

እኔ ውኃ ይዤ ከክቡ ውጭ ቆሜያለሁ። እናቴን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። አባቴ ዙሪያውን ተመለከተ። ከእግሩ ሥር ያለችው ምርት ለአንድ ስልቻ አትሞላም። በሬዎቹ አሉ፣ የእህል ማዝሪያው ላይዳ አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል። በዚያ ክብ ውስጥ የአባቱም የአያቱም አፍ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሞልቷል» አለ። «ተትረፍርፏል። ጎተራው አልያዘልንም።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

«ከአምናው ጋር ሲያስተያዩትስ?»

«በላይ በላዩ ነው። ምስጋና ይግባው።»

«አሜን!»

ካድሬው እጁን እያፋተገ ፈገግ አለ። ልጁ የሣጥኑን ቁልፍ ቀጭ አደረገና አባቴን አመስግኖ ጫማውን አጠለቀ። ወደ መኪናው መሄድ ሲጀምሩ ውኃውን አስቀምጬ ሮጥኩ። የነጠላዬ ጫፍ እሾህ ላይ ተቀዶ ቀርቷል፤ አልዞርኩም።

«ወንድሜ፣ ቆይ እባክህ! ያ እኮ የአውድማ ቃል ነው!»

«ምን ማለት ነው?»

ነገርኩት። እዚያ ውስጥ ሌላ መናገር እንደማይቻል፣ እኔን ልጅ ሆኜ አባቴ ምን እንዳለኝ፣ ሁሉን። ቃሉን እንደያዘልኝ ዓይኑ ላይ አየሁት። ካድሬው «ሰዓት የለንም ጓድ» ቢለው እንኳ፣ «አንድ ደቂቃ» ብሎ እንደገና ቁልፏን ተጫናት። ትናንሾቹ መንኮራኩሮች ሲዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። «ይናገሩ» አለኝ። ተናገርኩ፤ ያማረ ነገር አይደለም፣ አንደበቴ ተሳስሮ ነበር። ከዚያ አባቴ ራሱ መጣ። ከአውድማው ክብ ወጣ፣ እጁን በቁምጣው ጠረገ፣ ሣሩ ላይ ቆመና ለዚያች ዘነዘና እውነቱን ነገራት። ምርቱ ዘር እንኳ እንደማይሆን፣ ቤት ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ፣ ምን እንደምንፈልግ። አጭር ነው፣ ግን የቀረ ነገር የለውም።

«ገብቶኛል አባቴ» አለው ልጁ። «ሁለቱም ተቀርጿል።»

ሁለቱም ተቀርጿል። ይህችን ቃል ይዘን ወር ከረምን። ሊቀመንበሩ አዲስ ድንጋይ ከአርብ ገበያ አስመጣ። አባቴ በሕይወቱ ሬዲዮ ፈልጎ ሄዶ የማያውቅ ሰው፣ በየእሑዱ ከሁሉ ቀድሞ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጥ ጀመር። «መንግሥት ራሱ በጆሮው ሊሰማ ነው» ይላል። እኔም አምኜበታለሁ። ያመንኩት ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ፤ ሬዲዮውን የማውቀው እኔ ነኛ።

በጥር አንድ እሑድ የተቀረጸው ወጣ። መጀመሪያ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ ስለ ጋይንት ገበሬዎች ትጋት ተናገረ። ከዚያ የበሬዎቻችን ኮቴ ተሰማ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የገዛ በሬዎቻችን! ከዚያም የአባቴ ድምፅ፣ «ሞልቷል። ተትረፍርፏል።»

ሰው ተንጫጫ። አንዲት አሮጊት እልል አለች። «ያንቺ አባት እኮ ነው! ስሚው፣ ስሚው!» አባቴ አንገቱን ደፍቶ እንደ ሙሽራ አፈረ። «በላይ በላዩ ነው» አለ ሬዲዮው፤ «አሜን» አልን ሬዲዮው ውስጥ ያለነው። አባቴ እጁን ከፍ አድርጎ ሰዉን ዝም አሰኘ። «ቆዩ፣ ቆዩ፣ አሁን ነው የሚመጣው።»

የመጣው ማርሽ ነው። ከማርሹ በኋላ ስለ ሌላ አገር የስኳር ፋብሪካ ወሬ ሆነ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ቀረ?»

«ምናልባት ለነገ ከፍለውት ይሆናል፣ አባዬ» አልኩት።

በማግስቱ ሄዶ ተቀመጠ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ «ድንጋዩን ልትጨርሱት ነው» ብሎ አጠፋው።

ብዙ ሰው የዚያን ዘመን ሬዲዮ ውሸታም ነበር ይላል። እኔ እንደዚያ ብል ይቀለኝ ነበር። በእኛ ላይ ግን አንዲት ቃል አልዋሸም። በሬው የእኛ በሬ ነው፣ ድምፁ የአባቴ ድምፅ ነው፣ አሜኑም የእኛ አሜን ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን ጣለው፤ በቃ፣ ይኸው ነው ያደረገው። ውሸታም ሰው ቢሆን «አላልኩም» ትሉታላችሁ። ብለነዋል እኮ! ማን ሊያምነን ነው? ማን እንደቆረጠውም እስካሁን አላውቅም። ያ ልጅ ይሁን፣ በላዩ ያለ ሰው ይሁን፣ ወይስ ካድሬው ገና መኪናው ውስጥ ሳሉ የሆነ ነገር ብሎት ይሁን። ልረግመው ስል ጫማውን ሲያወልቅ ይታየኛል፤ ላዝንለት ስል አባቴ ይታየኛል።

በየካቲት መባቻ አባቴ፣ ሊቀመንበሩና እኔ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን አርብ ገበያ ሄድን። ገበያ ቀን ነበር፤ ከእህል ተራው ይልቅ የከብት ተራው ሞልቶ ነበር፣ ሁሉም በሬውን ሊሸጥ የመጣ። የእርዳታውን ዝርዝር የያዘው ኃላፊ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ወረቀቱን አገላበጠ።

«እናንተ የላችሁበትም። ትርፍ አምራች ናችሁ።»

«ማን አለ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ኃላፊው አባቴን አየው፤ ድምፁን ለየው መሰለኝ። «እርስዎ ነዎት አይደል? በጆሮዬ ሰምቼዎታለሁ፣ አባባ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አለቆቼም ሰምተዋል።»

«ያ የአውድማ ቃል ነው፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። «ከአውድማ ስወጣ ሌላ ተናግሬ ነበር።»

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ እስቴ ነው ያደግሁት። የአውድማ ቃል ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም» አለ። «ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ሬዲዮ ያለውን ሐሰት ነው ብዬ ልፈርም? ልጆች አሉኝ።»

«እኛም አሉን» አልኩት።

ቀጣዮቹን ጠራ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ያዝኩ። ለሬዲዮ ጣቢያው ሦስት ጻፍኩ፣ ከልጆች ደብተር ወረቀት እየገነጠልኩ። ሁለተኛው ቴፕ እናንተ ዘንድ አለ፣ አንድ ቀን ብቻ አሰሙልን አልኩ። በሦስተኛው መልስ መጣ። ከፈትኩት። በማተሚያ የታተመች ትንሽ ወረቀት ናት፦ ስለ አስተያየቴ ያመሰግናል፣ የምወደውን ዘፈን መርጬ ብልክ እንደሚያሰሙልኝ ይነግረኛል። አባቴ «ምን ይላል?» ሲለኝ፣ እንደ ድሮው ልማዴ ላሳምረው አፌን ከፈትኩ። ዓይኑን ሳየው አቃተኝ። እንዳለ አነበብኩለት። «ዘፈን?» አለ።

ሰው መሄድ ጀመረ። ወደ ባሕር ዳር የሄደ፣ ወደ ሰፈራ የተመዘገበ፣ ወዴትም ሳይል ቤቱን በእሾህ ዘግቶ የወጣ። የቀረው ደግሞ ረሀቡ ሲብስበት በአባቴ ላይ ዞረ። አሜን ያሉት ራሳቸው! በደጃችን ሲያልፉ «የሬዲዮው ጌታ፣ እንዴት ዋልክ? ጎተራህ ያዘልህ?» ይሉታል። እናቴ አንድ ቀን አልቻለችም፤ ወጥታ «አሜን ስትሉ አፋችሁ የት ነበር?» ብላ ጮኸችባቸው። አባቴ በነጠላዋ ይዞ ወደ ቤት መለሳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ሕፃን አዝላ መጣች። ያች ልጇ ሰሜን ያለው ናት፤ ያዘለችው የልጅ ልጇን ነው። አልሰደበችንም። ከደጃፉ ቆመችና «ከሞላው ትንሽ» አለችው። ቀልድ ይሁን ልመና አላወቅሁም። እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

አባቴ ተነሥቶ ከቆጡ ላይ ስልቻውን አወረደ። ዘር ነው። ያለን እሱ ብቻ ነበር፤ እሱን ሳንነካ ጎመን ቀቅለን እናድር ነበር። አገልግሏን ተቀብሎ ሞላላት።

«ዘሩን?» አለች እናቴ። «በምን ልንዘራ ነው?»

«ሞልቷል ያልኩት እኔ ነኝ» አላት።

በማግስቱ ሌላ ሰው መጣ፤ ለእሱም ሰጠ። ስልቻው ባዶ እስኪሆን አምስት ቀን አልፈጀበትም። እኔ እጁን ይዤ ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ጨክኖብኝ አያውቅም። ገፋ አደረገኝና መስፈሩን ቀጠለ።

በመጋቢት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴን ከአውድማው መሐል አየነው። አውድማው ከታኅሣሥ ወዲህ በሬ አልረገጠውም፤ የእበት ልቅላቂው ተሰነጣጥቋል። በረባሶውን ከክቡ ውጭ አውልቆ አስቀምጧል። ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ ጮኸ።

«አለቀ! አንሷል! የለም!»

ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። አንዱ «ሰውዬው አበደ» አለ። ድምፁ ገደሉን እየመታ ይመለሳል። «የለም! ያኔም አልነበረም! እኔ ነኝ ያልኩት፣ ይኸው እዚሁ ቆሜ አነሣሁት!»

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው እስከ ክቡ ጠርዝ ሄዱ። «ተው ልጄ፣ እዚህ ቦታ እንዲህ አይባልም። ከፈጣሪ ጋር ነው የምትጣላው።»

«ከፈጣሪ ጋር አይደለም አባቴ» አላቸው። «ከሬዲዮ ጋር ነው የተጣላሁት። የተናገርኩት እዚህ ስለሆነ፣ የማነሣውም እዚህ ነው።»

እሳቸውም አለቀሱ። አባቴ ሲደክመው ወጣ፣ በረባሶውን አጠለቀ፣ በትከሻዬ ተደግፎ ወደ ቤት ገባ። ያን ዕለት ዘነዘና ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

አባቴ በሰኔ መግቢያ በተስቦ ሞተ። ረሀብ ነው ብል ትክክል ነው፣ ተስቦ ነው ብልም ትክክል ነው። ሲቀበር የቆፈሩት ሰዎች ሁለት ጊዜ ዐርፈዋል፤ አቅም አልነበራቸውም። ያች ሕፃን ያዘለች ጎረቤታችን ከእሱ ቀድማ ሞታለች። የእኛ ማኅበር ስም ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በሐምሌ ነው፣ ለምን ያኔ እንደገባ የነገረን የለም። ስንዴ ተሰጠን። እናቴ የመጀመሪያዋን እፍኝ ይዛ «ለማን ልፍጨው?» አለች።

በመስከረም የአብዮቱ በዓል መጣ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። እናቴ ከአዳራሹ አጠገብ ስንዴ ፀሐይ ላይ አስጥታ ወፍ ትጠብቃለች፤ እኔ አብሬያት ነኝ። ድንገት የበሬ ኮቴ ሰማን። ከዚያ እሱ።

«ሞልቷል። ተትረፍርፏል። ጎተራው አልያዘልንም።»

ለበዓሉ ደግመው አወጡት። ተነሥቼ ሮጥኩ፤ ያን ሬዲዮ ከመስኮቱ አውርጄ በድንጋይ ልፈጨው ነው። እናቴ ከየት ባገኘችው ጉልበት እንደሆነ አላውቅም፣ ቀሚሴን ከኋላ ያዘችኝ።

«ተይው» አለች። «እሱ ነው።»

ቆምን። «በላይ በላዩ ነው። ምስጋና ይግባው» አለ አባቴ። አሜን ካሉት ውስጥ የሞቱትን ድምፅ አንድ በአንድ ለየኋቸው። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ወፎቹ ስንዴው ላይ ወርደዋል፤ አላየቻቸውም። አሜኑ አልቆ ማርሹ ሲጀምር ዓይኗን ገለጠች።

«ያንኛውንስ መቼ ነው የሚያወጡት?»

«የቱን?»

«ከአውድማው ወጥቶ የተናገረውን።»

በዚያው ዓመት ፈረንጆች ካሜራ ይዘው አርብ ገበያ መጡ፤ ዓለም ሁሉ ስለ እኛ ሰማ ተባለ። እናቴ ያን ቀን ቀሚሷን አጥባ ለብሳ ነበር። በፊቷ አልፈው፣ መሬት ላይ ከወደቀች ሌላ ሴት አጠገብ ተንበረከኩ። የሬዲዮዎቹ የሞላውን ብቻ ፈለጉ፣ እነዚህ ደግሞ የወደቀውን ብቻ። እናቴ አስተርጓሚያቸውን በክንዱ ይዛ፣ የባለቤቷ ቃል አንድ ቴፕ ላይ እንዳለ፣ ሊያስፈልጉላት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀችው። አስተርጓሚው ልጅ አልገባውም። «ምን ትላለች?» ብሎ እኔን አየኝ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከአዳራሹ ደጅ ትቀመጥ ነበር። ድንጋዩ አልቆ ሬዲዮው ዝም ካለ በኋላም ትቀመጥ ነበር። ሲመሽባት እጄን ትይዝና «በይ እንግዲያ አንቺ አውሪልኝ» ትለኛለች። «እንዳታሳምሪው። እንዳታስቀሪ።»

እኔም ሣሩ ላይ ቆሞ እንዳለው እነግራታለሁ፦

«ልጄ፣ ያቺን አውድማ ላይ ያለችውን አየሃት? ለዘር አትበቃም። ቤታችን ውስጥ የገብስ ቆሎ አለ፣ እስከ ጥር ላይደርስ ይችላል። ሦስት ነፍስ ነን። ጎረቤቶቼም እንደ እኔው ናቸው፣ አንዳንዱ ከእኔ ይብሳል። ለምነን አናውቅም፣ አሁን ግን እየለመንን ነው። አዲስ አበባ ስትደርስ ይህንንም አሰማልን። ያንኛውን ብቻ እንዳታሰማ።»